«ምቹ የሥራ ሁኔታ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አካባቢ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ሲናገር፣ «ቢሮው ታድሷል፣ ወንበሩ ተቀይሯል፣ ምቹ የሥራ ሁኔታ ተፈጥሮላቸዋል፤ አገልግሎቱ ግን ያው ነው። ችግሩ ሰው ነው» አለ። ይህን አባባል ከተለያየ ሰው አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የሥራ ሁኔታን ማጥናት ሙያዬ ስለሆነ ዛሬ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በንግግሩ ውስጥ ሁለት ስህተቶች አሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተወለደ ነው።

የመጀመሪያው ከራሱ ከቃሉ ይነሣል። «ምቹ» ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ወደ «ምቾት» ይሄዳል፤ ለስላሳ ወንበር፣ አዲስ መጋረጃ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል ይታየናል። ነገር ግን «ለእርሻ ምቹ መሬት» ስንል ጋደም ብለው ቢያርፉበት ደስ የሚል መሬት ማለታችን ነው እንዴ? ማረሻ የሚገባለት፣ ውኃ የማይተኛበት፣ የዘሩበትን የሚያበቅል ማለታችን ነው። ምቹነቱ ለሥራው ነው። ምቹ የሥራ ሁኔታም ሠራተኛው የተቀመጠበትን ሥራ ሰውነቱንም መንፈሱንም ሳይጎዳ፣ በአግባቡ ሠርቶ እንዲጨርስ የሚያስችለው ነገር ሁሉ ድምር ነው። ወንበሩ አንዱ ነው። የሥራው ብዛት፣ የመወሰን ሥልጣኑ፣ የአለቃው አያያዝ፣ የሚፈልገው መረጃ በእጁ መኖር አለመኖሩ፣ ፕሪንተሩ ያለበት ክፍል፣ ማኅተሙ በማን መሳቢያ እንደሚቆለፍ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ደመወዝን እዚህ የሚጨምሩ አሉ። እኔ ለይቼ ነው የማየው፤ የሚጎዳበትም የሚጠቅምበትም መንገድ ስለሚለይ።

«ተፈጥሮላቸዋል» የሚለው ቃልም ያሳስበኛል፤ ችሮታ ያስመስለዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል።

አሁን አንድ መስኮት ቀርበን እንይ። በቅርቡ በታደሰ የአንድ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከምዝገባው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሙሉ ጠዋት ተከታትያለሁ። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ወንበሩ አዲስ ነው። በሠራተኛዋና በባለጉዳዩ መካከል ወፍራም መስታወት አለ። ከመስታወቱ ግርጌ ወረቀት የምታሳልፍ ጠባብ ክፍተት አለች፤ ከእሷ በቀር ድምፅ የሚያልፍበት ነገር የለም። ስለዚህ ባለጉዳዩ ጎንበስ ብሎ ወደ ክፍተቷ ይናገራል። ሠራተኛዋ አይሰማትም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ምን አሉ?» ትላለች። እሱም ይጮኻል። አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን የልደት ማስረጃ ጉዳይ ሲያስረዱ የቤተሰባቸውን ታሪክ ወረፋው ሁሉ ሰማው። ጨርሰው ሲመለሱ፣ «ምን አድርጌያት ነው የምትቆጣኝ?» አሉ። እኔ ከጎን ሆኜ ፊቷን አይ ነበር፤ አልተቆጣቻቸውም። ከወፍራም መስታወት ጀርባ ሆኖ ለመሰማት የሚያስፈልገው ድምፅና የቁጣ ድምፅ ለሚሰማው ሰው አንድ ናቸው።

ደግሞ ፕሪንተሩ አለ። በእድሳቱ ጊዜ ሽቦ እንዳይዝረከረክ ተብሎ ፕሪንተሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ተሰብስበዋል። ሠራተኛዋ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ትነሣለች፣ ኮሪደሩን ታቋርጣለች፣ የእሷን ወረቀት ከሌሎቹ መካከል ለይታ ትመለሳለች። «አንድ ደቂቃ ብትራመድ ምን አለበት?» የሚለኝ ሰው አለ። ጥያቄውን በቁም ነገር እንመልሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

በሰዓት በአማካይ 5 ባለጉዳይ የሚመጣበት አንድ መስኮት አለ እንበል። አንዱን ማስተናገድ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 6 ሰው ማስተናገድ የሚችል መስኮት ለ5 ሰው በቂ ይመስላል። በወረፋ ስሌት ግን አንድ ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ 50 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን የፕሪንተሩ መንገድ አንድ ደቂቃ ይጨምር፤ ማስተናገጃው 11 ደቂቃ ሆነ። ጥበቃውም 51 ደቂቃ ይሆናል ብለው ካሰቡ፣ መልሱ 121 ደቂቃ ነው። የአንድ ደቂቃ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጥበቃ ወለደ። መስኮቱ ወደ አቅሙ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር እያንዳንዷ ትርፍ ደቂቃ እየተባዛች ነው የምትደመረው። የዚህ ሒሳብ አባት ዴንማርካዊው ኤርላንግ ነው፤ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ የመጀመሪያ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1909 አወጣ። እሱን ያሳሰበው የስልክ ጥሪ ነበር፤ ሒሳቡ ግን ለሰውም ይሠራል።

ስሌቱ ሰዎች ያለ ቀጠሮ በዘፈቀደ ሲመጡ፣ የጉዳዮቹም ርዝመት በሰፊው ሲለያይ፣ መስኮቱ ሳይዘጋ ረጅም ጊዜ ሲሠራ የሚደረስበት አማካይ መሆኑን መናገር አለብኝ። 8 ሰዓት ሠርቶ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት ሙሉ በሙሉ እዚያ ላይደርስ ይችላል። ሰልችቶት የሚሄድ ሰውም ወረፋውን ያሳጥረዋል፤ ይህ ግን ማንም የሚመኘው ማሳጠሪያ አይደለም። ቁጥሩ ቢቀንስ እንኳ አቅጣጫው ያው ነው።

የሥራ ሁኔታን ሳስረዳ በጫማ እመስለዋለሁ። ጫማው ልኩ የሆነ ሰው ስለ ጫማው አያስብም፤ ሐሳቡ መንገዱ ላይ ነው። ልክ የሆነ ጫማ ማንንም ሯጭ አያደርግም። ጠጠር የገባበት ጫማ ግን ጎበዙንም ሯጭ አንካሳ ያደርጋል። እድሳት ብዙ ጊዜ ጫማውን ከላይ ቀለም መቀባት ነው፤ ጠጠሩ ውስጥ ነው ያለው። ለሁሉም አንድ ቁጥር ጫማ መግዛትም አያዋጣም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ባለሙያ የሚፈልገው ጸጥታና ሰፊ ጠረጴዛ ነው፤ ቤት አልባ ለሆነ ቤተሰብ ድጋፍ የሚወስነው ደግሞ በር የሚዘጋ ክፍል ያሻዋል፤ የተቸገረ ሰው በወረፋ ፊት ችግሩን አይዘረዝርም።

ጠጠር ባለበት ጫማ ለዓመታት የተጓዘ እግርስ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ያመዋል፣ ቀጥሎ ይቆስላል፣ በመጨረሻ መጅ ያወጣል። መጅ ያወጣ ቆዳ አይሰማውም። ከሕመሙ የዳነው መሰማትን በመተው ነው።

ይህን ደረጃ ባለጉዳዩ በሌላ ስም ያውቀዋል። «ፊት ነሣችኝ» ይላል። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ስሜን አልጠራችም፣ እንደ ቁጥር ቆጠረችኝ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሰው ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችን ስታጠና የሥራ ዝለት ሦስት ገጽታዎች እንዳሉት አሳየች፦ መዛል፣ ባለጉዳዩን እንደ ዕቃ እስከ መቁጠር ከሰው መራቅ፣ «የሠራሁት ምንም ዋጋ የለው» የሚል ስሜት። ሁለተኛው ያ መጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለትን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባው ሲገልጸው፣ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ፣ በሽታ ያልሆነ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። ምንጩን ያስቀመጠው ሥራው ላይ ነው።

የአስተያየት ሰጪው ሁለተኛ ስህተት እዚህ ነው። መጁን አየና አብሯት የተወለደ መሰለው። «ወንበሩ ተቀየረ፣ ጸባይዋ ግን አልተቀየረም» የሚለው ማስረጃውም ምንም አያስረዳም፤ ወንበሩ ጠጠሩ አልነበረማ። ጠጠሩ ቢወጣ እንኳ የደደረ ቆዳ በሳምንት አይለሰልስም።

«ነገ ይመለሱ» የሚለውንም በዚህ ዓይን እዩት። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች የተሰጣቸው አቅም ከሚጠበቅባቸው ሥራ ሲያንስ የራሳቸውን መላ እንደሚፈጥሩ አሳይቷል፦ ቀላሉን ማስቀደም፣ ከባዱን ማቆየት፣ የሚመጣውን ሰው የሚቀንስ እንቅፋት ማኖር። ሕዝቡ የሚያገኘው አገልግሎትም በሕግ የተጻፈው ሳይሆን ይህ መላ ይሆናል። እንዲህ ማለቴ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ሦስት ጊዜ የተመላለሰች እናት ሦስት የሥራ ቀን አጥታለች፤ ለእሷ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ኪሳራው ኪሳራ ነው።

አንብቦ የሚከራከር ሰውም ይገጥመኛል። «ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ ራሱ የሥራ ሁኔታ ሰውን አያነሣሣም ብሏል» ይለኛል። ብሏል፤ ያለው ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ባደረጉት፣ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ገደማ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን በጠየቁበት ጥናት፣ ሰውን የሚያረኩትና የሚያማርሩት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን አገኙ። የሚያረካው ሥራን ከፍጻሜ ማድረስና ዕውቅና ማግኘት ነው። ከሚያማርሩት መካከል የመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ የአለቃ ቁጥጥርና የሥራ ሁኔታ ይገኛሉ። ለእነዚህ ስም ያወጣላቸው ከጤና አጠባበቅ ተውሶ ነው፦ ንጽሕና። ንጹሕ ውኃ በሽተኛ አያድንም፤ በሽታ ግን ይከላከላል። ታዲያ «ውኃው አያድንም» ብሎ ጉድጓዱን የሚደፍን ማን ነው? ሌላም አለ። እሱ «የሥራ ሁኔታ» ያለው በጠባቡ ክፍሉን፣ ብርሃኑንና የሥራውን ብዛት ነበር፤ አሠራርንና አለቃን ለብቻ ቆጥሯቸዋል። ዛሬ በሰፊው የምንጠራውን ቃል በእሱ ጠባብ ትርጉም መምታት አግባብ አይደለም። ጥናቱ ላይ እኔም ጥያቄ አለኝ፤ ሰው መልካሙን ለራሱ፣ ክፉውን ለአካባቢው መስጠት ይቀናዋል፣ የተጠየቁትም የመስኮት ሠራተኞች አልነበሩም።

ከጠጠሮቹ ሁሉ ትልቁ፣ በእኔ እምነት፣ የመወሰን ሥልጣን ማጣት ነው። አሜሪካዊው የሥራ ጫና ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው ሰውን የሚሰብረው ጫና ለብቻው ሳይሆን፣ ከባድ ጫና ከጠባብ የመወሰን ነፃነት ጋር ሲገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በለንደን የተጀመረው ሁለተኛው የኋይትሆል (የብሪታኒያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገኙበት ጎዳና) ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆኑ 10,308 የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትሎ፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድላቸው ጠባብ የሆኑት ለልብ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። እነዚያ የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ክትትልም ዝምድናን እንጂ መንስኤን ብቻውን አያረጋግጥም። ቢሆንም የአካባቢ አስተዳደሩን ሠራተኛ ቦታ አስቡት። ደንቡም ቅጹም በጀቱም ከላይ ይመጣል፤ ቁጣው የሚያርፈው መስኮቱ ላይ ነው። የተናደደ ሸማች ሌላ ሱቅ ይሄዳል። የልጁን ልደት የሚያስመዘግብ አባት ግን ሌላ መስኮት የለውም፣ ንዴቱን ይዞ እዚያው ይመለሳል። ሠራተኛዋም የምትኖረው ከባለጉዳዮቿ ጋር በአንድ ሰፈር ነው፤ ማታ በሯ ላይም ስለ ፋይላቸው ይጠይቋታል።

ሁሉም ጥፋት ከሥራ ሁኔታ ይመጣል አላልኩም። ጉቦ የሚጠይቅ ሰው ጠባብ ቢሮ ሰበብ አይሆነውም። በእውነት የማይሠራም ሰው አለ። ለመለየት እኔ የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው፦ የአንድ መስኮት ሠራተኛ ሲዛወር ቅሬታውን ተከተሉት። ቅሬታው ከሰውየው ጋር ወደ አዲሱ ቦታ ከሄደ ሰውየውን ጠይቁ። አዲስ ሰው ተቀምጦም ያው ቅሬታ እዚያው መስኮት ላይ ከቀረ፣ መስኮቱን ፈትሹ። ግን አትቸኩሉ፤ አዲስ ሰው ሥራውን እስኪለምድ ጥቂት ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅሬታ ስለ ሰውየውም ስለ መስኮቱም አይናገርም።

ያን ቀን ወረፋው ለምሳ ሲበተን፣ አንድ ነገር ብቻ ቢቀየርላት ምን እንደምትመርጥ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። ፕሪንተሩን ትላለች ብዬ ነበር። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለችና፣ በአፏ ትክክል፣ በጣቷ ትንሽ ክብ ሣለችበት።