ወጪ ቆጣቢ ሕክምና ምንድን ነው? በሆድ ድርቀት መድኃኒት እንየው

ርካሽ መድኃኒት ሁሉ ወጪ ቆጣቢ አይደለም። ወጪ ቆጣቢነት የሚለካው ባወጣነው ብር ምን ያህል ጤና አገኘንበት ተብሎ ነው። የሆድ ድርቀት ደግሞ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሳምንት ከሦስት ቀን በታች መጸዳዳት፣ ሰገራው መድረቅ፣ ብዙ ማማጥ፣ ይህም ለወራት ሲቀጥል ሥር ሰደደ ይባላል። ሰው አፍሮ ስለማይናገረው ለዓመታት ተሸክሞት ይኖራል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ መድኃኒት በወር 200 ብር ይፈጃል እንበል፤ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ቀን ሰገራ ያስወጣል። ሌላው 800 ብር ነው፤ ሦስት ቀን ያስወጣል። ጥያቄው እንግዲህ ለዚያች አንድ ተጨማሪ ቀን 600 ብር መጨመር ያዋጣል ወይ ነው። ተመራማሪዎች ውጤቱን ከሌላ በሽታ ሕክምና ጋር ለማወዳደር ሲፈልጉ በጥሩ ጤንነት ወደተኖረ ዓመት ይቀይሩታል።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ደብረ ብርሃን መጥቶ የሚታከም ሰው ግን የሚከፍለው የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው፣ የምሳው፣ ከመሸበት የአልጋው፣ ከዚያም በላይ በአጨዳ ወቅት ከሆነ ጥሎት የመጣው ሥራ ሁሉ ወጪ ነው። በርካሽ ተገዝቶ ያልሠራ መድኃኒት ይህን ሰው ሁለተኛ ያስመጣዋል። ይህ ካልተቆጠረ ስሌቱ ጎዶሎ ነው።

በእኔ እይታ ከሁሉም የሚያዋጣው መጀመሪያ መንስኤውን ማየት ነው። የደም ማነስ የብረት ክኒን፣ አንዳንድ የደም ግፊትና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ሆድ ያደርቃሉ። ታዲያ በራስ ማቆም ሳይሆን ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ምግብ ይመጣል። በእኛ ደጋ ተልባ ከቤት አይጠፋም፤ ግን ከብዙ ውኃ ጋር ካልሆነ ይባስ ያደርቃል።

ይህ ካልበቃ ውኃ ወደ አንጀት የሚስቡ መድኃኒቶች አሉ፤ ላክቱሎስና ፖሊኢትሊን ግላይኮል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት ያዘጋጀው የጥናቶች ግምገማ ሁለተኛው ከላክቱሎስ የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ብቻ አስተያይቶ መወሰን አይበቃም። ቢሳኮዲል የሚባለው ሌላው የሆድ ማላሊያ መድኃኒት ደግሞ ማታ ቢዋጥ፣ ከተዋጠ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ውስጥ ያስወጣል፤ ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል፣ ያለ ሐኪም ምክር ለወራት መዋጥ ግን ልክ አይደለም።

ውድ የሆኑት አዳዲሶቹ የመጨረሻ አማራጭ ናቸው። ሕክምና ወጪውን ያዋጣ እንደሆነ የሚመዝነው የእንግሊዙ ናይስ የሚባለው ተቋም እዚያው 2010 ላይ ከአዳዲሶቹ አንዱን፣ ፕሩካሎፕራይድን፣ እንዲሰጥ የመከረው ለሴቶች፣ ያውም ቢያንስ ሁለት ዓይነት ማላሊያ በሚችሉት ከፍተኛ መጠን ለ6 ወር ሞክረው ላልተሻላቸው ነበር። ርካሹን በትክክል ሳይሞክሩ ወደ ውዱ መዝለል አያዋጣም ማለቱ ነው።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ወይም ድርቀቱ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ድንገት ከጀመረ ግን ፋርማሲ ቆሞ ማማረጥ ይቅርና በቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂዱ።