የይለፍ ቃል የተሰጠው ዚፕ ሁሉ ተመስጥሯልን?
ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች የደመወዝ ዝርዝርን ወይም የሕክምና ውጤትን የመሰለ ምስጢር በዚፕ አምቀው ሲልኩ፣ በእጃቸው ያለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) በእርግጥ ምን እንደሠራ አያጣሩም። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች ከዚህ የመነጩ ናቸው።

«ሴትፓስወርድን (የይለፍ ቃል መስጫ ትእዛዙን) ከጠራሁ ፋይሉ ተመስጥሯል።» ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። ከፓይተን ጋር የሚመጣው ዚፕፋይል የተባለው ላይብረሪ የተመሰጠረውን ይፈታል እንጂ ራሱ መመስጠር አይችልም፤ ሴትፓስወርድም የሚያገለግለው ለንባብ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ዚፕ ስንጽፍ ብንጠራው አንድም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ፋይሉን ለማንም እንደተከፈተ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከመላክ በፊት ዚፑን ያለ ይለፍ ቃል ለመክፈት መሞከር ግድ ነው።

«የይለፍ ቃል ከጠየቀ አስተማማኝ ነው።» ዚፕክሪፕቶ የተባለው የቀድሞው የዚፕ ምስጠራም የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሆኖም ኤሊ ቢሃም እና ፖል ኮቸር እንዴት እንደሚሰበር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ዛሬ ቢኬክራክ የተባለው ነጻ መሣሪያ ከፋይሉ ይዘት 12 ባይት ያህል ካወቀ የውስጥ ቁልፎቹን ያወጣል። የፒኤንጂ ምስል የመጀመሪያ 16 ባይቶች ምንጊዜም አንድ ዓይነት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ምስል ሳይታመቅ ዚፑ ውስጥ ከገባ፣ የይለፍ ቃሉ የቱንም ያህል ቢረዝም አያድነውም። መፍትሔው እንደ ፓይዚፐር ባለ ላይብረሪ ኤኢኤስ የተባለውን ጠንካራ ባለ 256 ቢት ምስጠራ በግልጽ መምረጥ ነው።

«ኤኢኤስ ካለ የይለፍ ቃሉ ቢያጥርም ግድ የለም።» የዚፕ ኤኢኤስ ቁልፉን ከይለፍ ቃሉ የሚያወጣው በ1,000 ዙር ስሌት ብቻ ነው፤ ይህ ለዛሬ ኮምፒውተር ቀላል ስለሆነ አጭር ቃል በግምት ይገኛል።

«የፋይሉ ስምም ይደበቃል።» አይደበቅም። «የደም_ምርመራ_ውጤት» የሚለው ስም፣ መጠኑና ቀኑ ያለ ይለፍ ቃል ይነበባሉ። ስሙን መሰወር የሚፈልግ ፓይሰቨንዜድአር በተባለው ላይብረሪ ሰቨንዚፕ የተባለ ሌላ ዓይነት የታመቀ ፋይል አዘጋጅቶ የራስጌውን (የፋይል ስሞቹ የሚቀመጡበትን ክፍል) ምስጠራ ማብራት አለበት።

«በአማርኛ የይለፍ ቃል መስጠት አይቻልም።» ይቻላል፤ ዚፕፋይልና ፓይዚፐር ባይት ስለሚጠብቁ፣ ለእነሱ ቃሉን አስቀድሞ ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 መቀየር ብቻ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይሆናል። ነገር ግን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ባይታቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ላኪና ተቀባይ በየትኛው ፀ እና በየትኛው ሐ እንደተጻፈ አስቀድመው ይስማሙ።