በድሮ የጥልፍ መለማመጃ ጨርቆች ላይ ያሉ ምልክቶች

ድሮ በአውሮፓ ሴት ልጅ ጥልፍ የምትማረው በቁራጭ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ነበር። ክሩን በኤክስ ቅርጽ እያሻገረች ፊደል፣ ቁጥር፣ ወፍና አበባ ትሠራለች። ጨርቁ መጀመሪያ ላይ እንደ ደብተር ነበር፤ የተማረችው ንድፍ እንዳይጠፋት ታስቀምጥበታለች። በ18ኛው መቶ ዘመን ግን ሥራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የልጅቷ ሙያ የሚታይበት ጌጥ ሆነ።

ቀን ከተጠለፈባቸው የእንግሊዝ ጨርቆች የሚታወቀው ቀዳሚው የጄን ቦስቶክ ሥራ ነው። በ1598 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን አሁን ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። አሊስ ሊ የምትባል ልጅ በ1596 መወለዷን ይናገራል። ላዩ ላይ ውሻ፣ አጋዘንና በሰንሰለት የታሰረ ድብ አለ።

ከምልክቶቹ ብዙዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጡ ናቸው። በእንግሊዝ ጨርቆች ላይ አዳምና ሔዋን በዛፉ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እባቡ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። በሆላንድና በጀርመን ደግሞ ኢያሱና ካሌብ ትልቅ የወይን ዘለላ በመሎጊያ ተሸክመው ይመጣሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ላይ ላዩን የተስፋይቱ ምድር ፍሬ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ግን በእንጨት የተንጠለጠለው ዘለላ በመስቀል የተሰቀለው ክርስቶስ ነው። ዋላው በመዝሙረ ዳዊት ውኃ እንደናፈቀው ዋላ የነፍስን ጥማት ያሳያል። ጫጩቶቿን በደሟ ትመግባለች የምትባለው ፔሊካንም የክርስቶስ መሥዋዕት ምልክት ናት። ውሻ ታማኝነት ነው፤ ካርኔሽን የተባለው አበባ ፍቅር።

ሁሉንም እንደ ምስጢር መፍታት ግን አያዋጣም። ከ1520ዎቹ ጀምሮ በጀርመን፣ ቀጥሎም በጣልያን የንድፍ መጻሕፍት ይታተሙ ነበር። አንዱ ንድፍ ከመምህርት ወደ ተማሪ እየተገለበጠ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። ዋላውን የጠለፈችው ልጅ መዝሙሩን ላታስበው ትችላለች። በ17ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ጨርቆች ላይ እጃቸውን ያነሡ ትናንሽ ሰዎች አሉ፤ በኋላ ዘመን ሰብሳቢዎች «ቦክሰኞች» አሏቸው። የቡጢ ነገር ግን የለም፤ ምንጫቸው ስጦታ የሚለዋወጡ ፍቅረኞች ሳይሆኑ አይቀርም።

በጨርቆቹ ላይ የሚታየው ዘውድም እንዲሁ ነው። አንሶላና የገበታ ጨርቅ ውድ ስለነበር የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደል ይጠለፍበታል። በመኳንንት ቤት ከፊደሉ በላይ እንደየማዕረጉ ዘውድ ይጨመራል። ተማሪዋም ለዚህ ሥራ ትለማመደዋለች። ብዙ ጊዜ ግን ዘውዱ የሚገባው ፊደሉ አልቆ የመስመሩ ጫፍ ባዶ ሲቀር ነው።