የልጆች የአንጎል ዕጢና ዘረመል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐኪም «ጂን» ሲል ብዙ ወላጅ የሚሰማው «በዘራችሁ አለ» የሚል ፍርድ ነው። ቃሉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፦ በዕጢው ላይ ብቻ ያለ ለውጥንና ልጁ ይዞት የተወለደ ለውጥን፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

«ዕጢው ላይ የጂን ለውጥ ከተገኘ የተወረሰ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከዕጢው ናሙና የሚገኘው ለውጥ በብዛት ከፅንስ በኋላ በአንድ ህዋስ ላይ ደርሶ፣ ከዚያ ህዋስ በተባዙት ህዋሶች ብቻ የቀረ ነው። ለመለየት ደም ወይም ምራቅ ተወስዶ ከዕጢው ጋር ይነጻጸራል፦ በሁለቱም ከታየ ልጁ ይዞት ተወልዷል፤ በዕጢው ብቻ ከታየ የዕጢው ነው። የዕጢውን ወረቀት ብቻ ይዞ ስለ ታናናሾቹ መጨነቅ አያስፈልግም።

«በቤተሰባችን ማንም አልታመመም፤ አይመለከተንም»

ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 (በቆዳና በነርቭ ላይ የሚታይ፣ ለዕጢ የሚያጋልጥ የዘረመል ሕመም) ከ3,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ግማሽ ያህሉ ከወላጅ ያልመጣ አዲስ ለውጥ ነው። ስለዚህ የልጁን ቆዳ ማየት የዘር ታሪክ ከመጠየቅ ይበልጣል። ከጉርምስና በፊት ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ወተት የገባበት ቡና የሚመስሉ ነጠብጣቦች 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ምርመራ ያሻዋል። ከእነዚህ ልጆች ከ15 እስከ 20 በመቶው በዓይን ነርቭ መስመር ላይ ዕጢ ያወጣሉ፤ ብዙው ሕክምና እንኳ አይፈልግም፣ ግን በየዓመቱ ዓይን መታየት አለበት።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ሁለቱም ጤነኛ ወላጆች የዲኤንኤ ስህተት አራሚ ጂን ጉድለት ሲያስተላልፉ ልጁ ተመሳሳይ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። በሽታው ሌላ፣ እጅግም የከፋ ነው።

«ጂኑ ካለበት ዕጢ ማውጣቱ አይቀርም»

እንደ ጂኑ ነው። የጎርሊን ሕመም (ለቆዳ ካንሰርና ለአንጎል ዕጢ የሚያጋልጥ የዘረመል ሕመም) በሁለት ጂኖች ይመጣል፦ በፒቲሲኤች1 ከሆነ ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የአንጎል ካንሰር የሚይዘው ከ100 ልጆች ሁለት እንኳ አይሞላም፤ በኤስዩኤፍዩ ከሆነ ግን አደጋው ብዙ እጥፍ ነው። የሕመሙን ስም ብቻ ሰምቶ መሄድ ስለዚህ አይበቃም፤ የጂኑን ስም ጽፎ መያዝ ነው።

«አደጋው እጥፍ ሆነ» የሚል ዜናም ያስደነግጣል። በዓመት ከ100,000 ልጆች 5 የሚያጠቃ በሽታ እጥፍ ሲሆን 10 ነው፤ 99,990ዎቹ አይነካቸውም።

«ማወቁ ሕክምናውን አይለውጥም»

ይለውጣል፤ ለዚህም ነው ውጤቱ ከጨረር ሕክምና በፊት እንዲደርስ የምንወተውተው። ካንሰርን በሚከላከለው በቲፒ53 ጂን ላይ ለውጥ ይዞ የተወለደ ልጅ ጨረር ባረፈበት ቦታ ሌላ ካንሰር ሊያወጣ ይችላል፤ በጎርሊን ደግሞ በዚያው ቦታ ብዙ የቆዳ ካንሰር ይከተላል። ክትትሉም የተለየ ነው፦ ለቲፒ53 በየዓመቱ የአንጎልና የመላ ሰውነት ኤምአርአይ፣ በየ3 ወይም 4 ወሩ የሆድ አልትራሳውንድ። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ለመደበኛ ክትትል አይመረጥም።

በምርመራ ውጤት ላይ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ማለት ልጁ በሽታው አለበት ማለት ነው?

አይደለም። በእሱ ተመርኩዞ ሕክምና አይቀየርም፣ እህት ወንድምም አይመረመርም። ምደባው በጊዜ ሊቀየር ስለሚችል ግን ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ሙከራውን ደግሞ መጠየቅ ይገባል።