ተራሮች በቁርኣንና በሥነ ምድር፦ የወሎ ጋራዎች ምን ይላሉ?

ቁርኣን ተራሮችን ደጋግሞ ያነሳል። ሱረቱ አን-ነበእ (78፡6-7) ምድርን ምንጣፍ፣ ተራሮችን ችካል ያደርጋቸዋል። ሱረቱ አን-ነሕል (16፡15) ምድር ሰዎችን ይዛ እንዳትናወጥ የጸኑ ተራሮች እንደተጣሉባት ይናገራል። ሱረቱ ፋጢር (35፡27) ደግሞ በተራሮች ላይ ስላሉት ነጭ፣ ቀይና ድቅድቅ ጥቁር መስመሮች ያወሳል። የቂያማ (የትንሣኤ) ቀን ሲመጣ እነዚሁ ተራሮች እንደ ተነደፈ ሱፍ ይሆናሉ (101፡5)።

በወሎ ሐሪማዎች

እስልምና ወሎ ውስጥ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊትም ረጅም ዕድሜ አለው። በደንብ የሚታወቀው ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ከሐሪማዎቹ (ከእስልምና ትምህርት ማዕከሎቹ) ጀማ ንጉሥ በሙሐመድ ሻፊ፣ ጌታ በሐጂ ቡሽራ፣ ሾንኬ በሸኽ ጀውሀር ስማቸው ገነነ። የጁ ውስጥ ዳና አለች። ሾንኬ ራሷ ተራራ አናት ላይ የቆመች የድንጋይ መንደር ናት። ከእነዚህ ሐሪማዎች የወጡ ዑለማ (ሊቃውንት) ያልደረሱበት የአገሪቱ ጥግ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) የሚቀራው ፊቅሁና ነሕዉ፣ ማለትም የሸሪዓ ሕጉና የዐረቢኛ ሰዋስዉ፣ ከተያዘ በኋላ ነው። የተለመደው ኪታብ ጀላለይን ነው። ሸኹ አንቀጹን በዐረቢኛ ያነቡና በአማርኛ እየቆራረጡ ይፈቱታል። ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ዘርግቶ ይከተላል። ችካሉ ላይ ሲደርሱ ማብራሪያው አንድ መስመር ነው፦ ድንኳን በችካል እንደሚጸና ምድርም በተራሮች ጸናች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ከጀላለይን ውስጥ የዚህን ክፍል ተፍሲር የጻፉት ጀላሉዲን አል-መሐሊ (የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1459) ምድር ዝርግ ናት የሚለውን አቋም የሸሪዓ ሊቃውንት ነው ብለዋል፤ ክብ ናት የሚለውን ለፈለክ ሰዎች ትተውታል። ከእሳቸው 200 ዓመት በላይ የሚቀድሙት የተፍሲር ሊቅ ፈኽሩዲን አር-ራዚ ግን ክብነቷን ተቀብለዋል። ሌላው የተፍሲር ሊቅ ኢብን ከሢር ደግሞ ዓለምን የከበበ ቃፍ የሚባል ተራራ አለ የሚለውን ወሬ ከበኒ እስራኤል የመጣ ተረት ነው ብለው ጥለውታል። ፈላስፋውና ሐኪሙ ኢብን ሲናማ (የሞተው እ.ኤ.አ. በ1037) ተራራ በምድር መናወጥ ከፍ እንደሚልና ውሃ እየቦረቦረ እንደሚቀርጸው ጽፏል። ስለዚህ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ ነበራቸው የሚል ካለ አላነበበም ማለት ነው።

ሥር አላቸው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1855 እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ ተራሮች ወደ ታች የገባ ጥልቅ ሥር አላቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በኋላ የተደረገው ልኬት በብዙ ቦታ ደግፎታል። የአህጉር ቅርፊት (የምድር ውጫዊ የዓለት ሽፋን) ውፍረቱ በአማካይ 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሂማላያ ሥር 70 ይደርሳል። ግብጻዊው የሥነ ምድር ምሁር ዘግሉል አን-ነጃር ይህን ሥር ከቁርኣኑ ችካል ጋር አገናኝተው ለብዙዎች አድርሰዋል። ዛሬ ደሴ ላይ ወጣቶች ይህንኑ ከስልካቸው እየጠቀሱ ሲከራከሩ መስማት ብርቅ አይደለም።

የወሎ ደጋ ግን እንደ ሂማላያ አህጉር ከአህጉር ተጋጭቶ የተነሳ አይደለም። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከስንጥቅ እየፈሰሰ የተነባበረ ላቫ ነው። ንብርብሩ ቦታ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በላዩ ቆየት ብለው የተቆለሉ እሳተ ገሞራዎች አሉ፤ የጉጉፍቱ ዕድሜ ወደ 23 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከደጋው ሥር ያለው ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሰሜን አፋር ላይ ሲደረስ ከ20 በታች ይሳሳል። ደጋውን ከፍ አድርጎ የያዘው ሥሩ ብቻም አይደለም። ከቅርፊቱ በታች ያለው የጋለ ዓለት ወደ ላይ ይገፋዋል። ችካሉ ከላይ ሳይሆን ከታች ተመትቷል እንበል?

የፋጢር አንቀጽ ግን ወሎ ላይ ያምርበታል። መንገድ ሲቆረጥ የተላጠ ገደል ፊት ቆም ብሎ ማየት ነው። ጥቁሩ ባሳልት፣ ማለትም ላቫው ቀዝቅዞ የሆነው ዓለት ነው። በመሃል እንደ መቀነት የሚያልፈው ቀይ መስመር ላቫው ጋብ ሲል አፈር ሆኖ የቆየው ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ነው የቀላው። ነጣ ያለው ደግሞ ከፍንዳታ የወረደ አመድ ነው፤ ይበልጥ የሚገኘው ከላይኛው ንብርብር ውስጥ ነው።

መናወጡ

የሚያከራክረው የአን-ነሕል አንቀጽ ነው። የወሎ ምሥራቃዊ ተረተር የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ደሴ ራሷ ጦሳና አዝዋ ገደል መሃል የተቀመጠችው በሰመጠ መሬት ላይ ነው። ግንቦት 1953 ዓ.ም. የጀመረው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ከወሎ በስተደቡብ ማጀቴን አፈራረሳት። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በያኔው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ሰርዶ በሌላ መንቀጥቀጥ ወደመች። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ደባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ፤ ከመሬት በታች ስንጥቁ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

ሥነ ምድር ተራራ መንቀጥቀጥን ያስቆማል አይልም። እንዲያውም ብዙ ተራራማ ቀበቶዎች ላይ መንቀጥቀጥ ይበረታል። ቁርኣን ውስጥ ሳይንሳዊ ተአምር አለ ብለው የሚያስተምሩት ወገኖች አንቀጹ ስለ ምድር ጠቅላላ መርጋት እንጂ ስለ ሰፈር ንውጽውጽታ አይደለም ይላሉ። ለአማኝ ይህ ያስኬዳል፤ በመሣሪያ ሊለካ የሚችል አባባል ግን አይደለም።

ተራሮች የቆሙ መስለው እንደ ደመና ያልፋሉ የሚለውም (27፡88) አሁን አሁን ከአህጉሮች እንቅስቃሴ ጋር ይያያዛል። እርግጥ ነው፣ ዐረቢያ ከአፍሪካ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ነገር ግን ከፊቱ ያለው አንቀጽ ስለ ቀንዱ መነፋት ነው የሚያወራው። ጀላለይንም በዚያው ጊዜ ያየዋል። በሐሪማዎቹም በጀላለይን የሚቀራ ደረሳ አንቀጹን የሚማረው ስለ ቂያማ እንደሆነ ነው።