ራዲዮ ኮምፓስ ምንድን ነው?

«የአሜሪካ አብራሪዎች በጦርነት መሀል ሙዚቃ ይኮመኩሙ ነበር፤ ጃፓኖች በራዲዮናቸው አገኟቸው።» ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «ራዲዮ ኮምፓሳቸው ሰሜንን ስቶ ነው» ብሎ ጨመረበት። የአውሮፕላን ራዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ትዕግሥቴ አለቀ።

ወዳጄ፣ ራዲዮ ኮምፓስ ሰሜንን አያውቅም። ስሙ ነው ያሳሳተህ። አውሮፕላን ላይ የሚገጠም አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ነው፤ መርፌው የሚዞረው ወደተቃኘው የራዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በስንት ዲግሪ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንዳለ ይነግርሃል፤ በቃ። ርቀት የለም። «የት ነኝ?» ካልክ ሁለተኛ ጣቢያ፣ እውነተኛ ኮምፓስና ካርታ ያስፈልግሃል።

ሰፈር ውስጥ ድንኳን ተጥሏል እንበል። ሞንታርቦው ይጮኻል። ሰርግ ቤቱን ባታውቀውም ድምፁን ተከትለህ ትደርሳለህ። ባለሰርጉ ግን አንተ በየት በኩል እየመጣህ እንደሆነ በምን ያውቃል? አንተ ሰማህ እንጂ አልጮኽክ። (የድሮ ተቀባዮች ትንሽ ሞገድ ያፈስሱ እንደነበር ካልጠቀስኩ የሙያ ጓደኞቼ አይምሩኝም። ተጠቅሷል።)

አሁን ጃፓን ወዳጠቃችው በሃዋይ ወደሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር፣ ወደ ፐርል ሃርበር። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ሊነጋጋ ሲል 12 ቢ-17 የተባሉ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ እየበረሩ ነበር። ኬጂኤምቢ የተባለው የሆኖሉሉ ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ የሃዋይ ሙዚቃ ሲያሰማ ያደረው ለእነሱ ነው። ጣቢያው ከተዘጋ መርፌው የሚይዘው ነገር የለውማ! ሙዚቃው መዝናኛ ሳይሆን መንገድ ነበር።

ችግሩ፣ ሞንታርቦ እንግዳ አይመርጥም። የጃፓን ጥቃት የአየር መሪ ሚትሱኦ ፉቺዳም ያንኑ ጣቢያ ቃኝቶ አቅጣጫውን አስተካከለ። ይባስ ብሎ የአሜሪካኖቹ የራዳር መረጃ ማዕከል ተረኛ ሌተናንት ከርሚት ታይለር ወደ ሥራ ሲነዳ ሙዚቃውን በመኪናው ራዲዮ ሰምቶ ነበር። የእኛዎቹ እየመጡ ነው ብሎ ገመተ። በኋላ ራዳሩ ብዙ አውሮፕላን ሲያሳይ የራዳሩን ሠራተኞች «አታስቡ» አላቸው። እንግዲህ ማን ማንን በራዲዮ «አገኘ»?

እንግሊዞች ይህ ገብቷቸው ነበር። ቢቢሲ ከ1939 ጀምሮ አንዱን ፕሮግራም በአንድ ሞገድ ከተለያዩ ማሠራጫዎች ይለቅ ነበር። በአራቱም ማዕዘን አንድ ዘፈን የሚያሰሙ ድንኳኖች ማለት ነው። የቱን ትከተላለህ?

ቢ-17 ፎቶ ካገኘህ ከአፍንጫው ሥር የራግቢ ኳስ የመሰለች ነገር ፈልግ። ውስጧ የቀለበት አንቴና አለ። የሚገርመው፣ ቀለበቱ የሚፈልገው ድምፁ የሚጎላበትን ሳይሆን የሚጠፋበትን አቅጣጫ ነው፤ አቅጣጫው ጥርት ብሎ የሚለየው እዚያ ላይ ስለሆነ። ጣቢያው ከፊት ይሁን ከኋላ የሚለየው ደግሞ ሌላ አንቴና ነው።

ግን መርፌውን ዝም ብለህ አትመን። ሌሊት ሞገዱ ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመለስ፣ ከገደል እንደሚመለስ ማሚቶ ያደናግራል። የባሕር ዳርቻ ሲሻገር ይጎብጣል። ነጎድጓድ ካለ ደግሞ መርፌው ጣቢያውን ትቶ ወደ መብረቁ ይዞራል። ሰርገኛ ወደ መብረቅ አይሄድም፤ ምሳሌዬ እስከዚህ ድረስ ነው።