ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ፦ ስለ ቀስት ክንድ ቅርጽ የማይሞቱ ስሕተቶች

የእንጨት ቀስት መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ ገና መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ ይጠይቀኛል፦ «ክንዱን ግማሽ ክብ አደርገዋለሁ አይደል? የእንግሊዞቹ እንደዚያ ነው።» የያዝከው ምን እንጨት ነው ስለው ኤልም ይለኛል፤ አለዚያም አሽ። ጆሮዬ ሰለቸ። (ክንድ የምንለው ከመያዣው በላይና በታች የሚጎብጠውን የቀስቱን ክፍል ነው፤ ግማሽ ክብ ወይም ጠፍጣፋ የምንለው ደግሞ ክንዱ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየውን ቅርጽ ነው።)

ክንዱ ሲጎብጥ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይወጠራል፤ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። አብዛኛው እንጨት ውጥረትን ይችላል፤ የሚሸነፈው ሲጨመቅ ነው። ሆዱ ክብ ከሆነ ከባዱ ጭነት የሚያርፈው የክቡ አናት ላይ ባለች ቀጭን መስመር ነው። ጠፍጣፋ ሆድ ግን ሸክሙን በወርዱ ሙሉ ይካፈለዋል። የእንግሊዞቹ ቀስት ክብነቱን የቻለው ዩ ከሚባለው ዛፍ ስለሚሠራ ነው፦ ቀላ ያለው የውስጥ እንጨቱ መጨመቅን፣ ነጣ ያለው የውጭ እንጨቱ መወጠርን ይችላል። የእናንተ ኤልም ይህን አያውቅም።

ደግሞም እነዚያ ቀስቶች አንድ ወጥ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ከወጣችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከተገኙት መካከል ወደ ሙሉ ክብ የሚጠጉ አሉ፤ ጎናቸው ቀጥ ያለም አሉ። እዚያው እንግሊዝ ሚር ሂዝ የተገኘው የአዲስ ድንጋይ ዘመን ቀስት ከዩ የተሠራ ሆኖ ሳለ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው።

እኔም ከዚህ አልዳንኩም። የመጀመሪያውን የኤልም ቀስቴን ግማሽ ክብ አደረግሁት። ሃምሳ ፍላጻ ሳልጨርስ ሆዱ ላይ ፀጉር የሚያህሉ አግድም ስንጥቆች ወጡ፤ በዓይን ሳይለዩ ጥፍር ይይዛሉ። አውታሩ ከወረደ በኋላም ክንዱ ጎብጦ ቀረ። ከዚያው ግንድ ሌላ ፍልጥ በ5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ጠፍጣፋ አድርጌ ሠራሁ፤ እስካሁን እተኩስበታለሁ።

«ጠፍጣፋ ክንድ ደካማ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ግትርነቱን ከወርዱ ያገኛል፦ ወርዱን እጥፍ ብታደርጉ ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉ ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ሞረድ ስትይዙ ተጠንቀቁ፦ 10 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ክንድ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብትፍቁ ከግትርነቱ ከሩብ በላይ ሄደ።

«ሰፊ ክንድ ቀርፋፋ ነው።» ፍጥነት የሚበላው የጫፉ ክብደት ነው። መካከሉን አስፉ፤ ጫፉን አቅጥኑ።

«ጀርባውን በመላጊያ አስተካክል።» በጭራሽ! አንድ የዕድገት ቀለበት ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀጥል፤ እንጨቱ ካበጠ አብራችሁ አብጡ።

ጀርባን ከሆድ ማጥበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሂኮሪን የመሰለ ውጥረት የማይበግረው እንጨት ጀርባው ጠበብ ቢል ሆዱ እፎይ ይላል።

ሆዱን አስቀድማችሁ ካከበባችሁት፣ አናቱን ፍቃችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት። ቀስቱ ይላላል፤ ጉልበቱ አነስ ላለ ተኳሽ ስጡት።